«አንዲት ክፍት ቦታ የአባባን መንዙማ አጠፋችብኝ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን ስለ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከአባቴ ጋር ነው። አባባ በጉብዝናው ጊዜ ሐድራ (መንዙማና ዱአ የሚደረግበት ጉባኤ) አለ በተባለበት ሁሉ ቴፑን ተሸክሞ እየሄደ መንዙማ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነው። ካሴቶቹ እየሻገቱ፣ ክራቸው እየተበጠሰ ስለሄደ አምና ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ የተረፉትን ወደ ኮምፒውተር አስገባሁለት። 63 ቅጂ ሆነ። ካስገባኋቸው በኋላ ብዙዎቹ ካሴቶች ከጥቅም ውጪ ሆነው ተጣሉ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ሚሞሪው 2 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ኮምቦልቻ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ጫነልኝ። ብዙ ፋይል ያለበትን ፎልደር በማውስ ስከፍት ስለሚንቀራፈፍ «ተርሚናል ልመጂ» ብሎ፣ ማለትም ትእዛዝ እየጻፉ ኮምፒውተሩን የሚያሠሩበትን መስኮት፣ ትእዛዞች ደብተር ላይ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር።

ውጭ በሚሰካው ሃርድ ዲስክ ላይ «መንዙማ» እና «መንዙማ ድጋሚ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ነበሩኝ። ዲስኩ ሲሞላ ድጋሚውን ላጥፋ ብዬ የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ስሙን አስከተልኩና ኢንተር ነካሁ። «ድጋሚ የሚባል የለም» አለኝ። ሳየው ዋናው «መንዙማ» ጠፍቷል። «መንዙማ ድጋሚ» እዚያው አለ፤ ውስጡ ያሉት ግን 44 ብቻ ናቸው። 19 ቅጂ አጣሁ። ዲስኩን ነቅዬ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

ወንድሜ ሲሰማ ተቆጣ። ሰፈራችን ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ተርሚናል ውስጥ ሰማያዊ፣ ለሁለት የተከፈለ ነገር ከፍቶ ሲሠራ አይቼ ስለነበር «እሱን ልማር?» ስለው «እሱማ ትእዛዝ የማያውቅ ሰው ምርኩዝ ነው» አለኝ። አሁን ተርሚናሉን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጣል። አባባ ምንም አልሰማም። ዓይኑ ስለደከመ ደስታው ጆሮው ብቻ ነው። «ያችን የሐይቋን አሰሚኝ» ሲለኝ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ማለት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ልንገረው ወይስ ልተወው? ላፕቶፑን ልሽጠው ወይስ ያንን ሰማያዊውን ልማር? ግራ ገብቶኛል።

ጭንቅ የያዛት፣ ከደሴ

*

እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ያስነበበችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ዲስኩን ነቅዬ ቆለፍኩበት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም» ያልሽው። በድንጋጤ ያደረግሽው ቢሆንም ባለሙያ አጠገብሽ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚያዝሽ ያንኑ ነበር። ስለዚህ ከአባትሽም ከወንድምሽም በፊት ከዲስኩ ልጀምር።

በተርሚናል ትእዛዝ የጠፋ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው አይሄድም፤ ያስደነገጠሽም ይህ ነው። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ከዲስኩ ላይ ይፋቃል ማለት አይደለም። ሲስተሙ የሚያደርገው ስሙን ከመዝገቡ አውጥቶ ቦታውን «ነፃ ነው» ብሎ መመዝገብ ነው። ሰውዬው ቤቱ ውስጥ አለ፤ የተፋቀው በር ላይ የነበረው ስሙ ነው። በእርግጥ የሚጠፋው ሌላ ፋይል መጥቶ በላዩ ሲጻፍበት ነው፤ አንቺ ደግሞ ምንም አልጻፍሽበትም። ፎቶሬክ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ስሙ ለፎቶ ብቻ የተሠራ ያስመስለዋል እንጂ የድምፅ ፋይልም ይፈልጋል። ዲስኩን ከጥግ እስከ ጥግ እያነበበ የድምፅ ፋይል መነሻ የሚመስለውን ሁሉ ለቅሞ ያወጣል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የሚያወጣውን ሌላ ዲስክ ላይ ነው የምታስቀምጪው፤ እዚያው ላይ ካስቀመጥሽ የምትፈልጊውን በገዛ እጅሽ ትሸፍኚዋለሽ። 19ኙም ይመለሳሉ ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ተቆራርጦ የተቀመጠ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን፣ ሳይነካም ከቆየ፣ ተስፋሽ ጥሩ ነው። ከፎቶሬክ የሚወጡት ፋይሎች ስማቸውን ይዘው እንደማይመጡ ግን ከአሁኑ እወቂ። ቁጥር ነው የሚሰጣቸው። ይህን ነገር ያዥልኝ፤ ስለ አባትሽ ሳወራ እመለስበታለሁ።

ያቺን ቀን ምን እንደተፈጠረ ደግሞ እንይ፤ ካልገባሽ እጅሽ መንቀጥቀጡን አይተውም። ደብተርሽ ላይ ያለው የማጥፊያ ትእዛዝ አርኤም (rm) ነው፤ ከጎኑ ሰረዝ እና አር ሲጨመርበት ፎልደርን ከነሆዱ ያጠፋል። አንቺ ከዚያ በኋላ «መንዙማ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ድጋሚ» ብለሽ ጻፍሽ። በአንቺ ዓይን አንድ ስም ነው። ለተርሚናሉ ግን ክፍት ቦታ የስም መለያያ ነው፤ እሱ ያነበበው «መንዙማ የሚባለውን አጥፋ፤ ድጋሚ የሚባለውንም አጥፋ» ብሎ ነው። የመጀመሪያውን አገኘና አጠፋ። ሁለተኛውን አጣና «የለም» አለሽ። ጠይቆሽ ቢሆን ኖሮ «አይደለም!» ትይው ነበር። እሱ ግን ካላዘዙት አይጠይቅም። ሥራውን ለዓመታት የሠሩ ሰዎችም ይህችው ክፍት ቦታ ጥላቸዋለች፤ እኔም አብሬያቸው ስሠራ ከአንድም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ደንግጠው ከወንበር ሲነሱ የሚያሳዩት ፊት አሁንም ድረስ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ «ሞኝ ነኝ» ወደሚለው አትሂጂ። ያጠፋሽው ሳታዪ ስለሆነ ነው፤ የሚያሳይሽ ነገር ስላልነበረሽ።

አሁን ወደ ሰማያዊው ልምጣ። ጠጋኙ ከፍቶት ያየሽው ሚድናይት ኮማንደር ነው ማለት ይቻላል። ሚጌል ዴ ኢካዛ የሚባል ሜክሲኳዊ በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፋይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ነው፤ ለሁለት የተከፈለ መልኩን የወረሰው በ1986 ለዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሲስተም፣ ከወጣው ከኖርተን ኮማንደር ነው። ከ30 ዓመት በላይ የኖረ፣ ሩቅ ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ዛሬም የሚከፍቱት መሣሪያ ነው። ምርኩዝ መባሉ እኔን አያስማማኝም። ደግሞም ከሰማያዊው ገጽ ሥር ሁልጊዜ የትእዛዝ መጻፊያ መስመር አለ፤ ኮንትሮል እና ኦ አብረሽ ስትነኪ ሰማያዊው ይገለጥና ሙሉው ተርሚናል ይወጣል፤ ስትደግሚው ይመለሳል። ወንድምሽ የጻፈልሽን ትእዛዝ እዚያው እየሞከርሽ ውጤቱን ከላይ ማየት ትችያለሽ። ይህን አሳዪው እስኪ። ሲቆጣሽ የተሰማሽ ንቀት ነበር? ወይስ እሱም የአባቱ ድምፅ ጠፍቶበት ደንግጦ ነው? እኔ ከሩቅ ሆኜ መፍረድ አልችልም፤ ጥያቄውን ግን ከራስሽ ጋር ብታወሪበት ደስ ይለኛል።

ላፕቶፑን አትሽጪው። ይህ ፕሮግራም የሚፈልገው ሚሞሪ በጣም ትንሽ ስለሆነ 2 ጊጋባይቱ አያስጨንቅሽም። ተርሚናሉን ክፈቺና ሲነበብ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤምሲ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (sudo apt install mc) ጻፊ፤ የይለፍ ቃልሽን ይጠይቅሻል፤ ስትጽፊው ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ እንደሱ ነው፣ አትደንግጪ። ኢንተርኔት የምትፈልጊው ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ኤም እና ሲ የሚሉትን ሁለት ፊደላት ጽፈሽ ኢንተር ስትነኪ ሰማያዊው ይከፈታል።

የመጀመሪያውን ምሽት መውጣትን ተማሪበት። ቀልዴ አይደለም፤ መውጫውን የሚያውቅ ሰው ሲገባ አይፈራም። መውጫው ኤፍ 10 ነው። አንዳንድ ተርሚናል ግን ኤፍ 10ን ለራሱ ሜኑ ይቀማዋል፤ ላፕቶፖች ደግሞ የኤፍ ቁልፎቹን ለድምፅና ለብርሃን ያደርጓቸዋል። እንዲህ ከሆነ እስኬፕን ነክተሽ ለቀሽ ቁጥር ንኪ፤ እስኬፕ ከዚያ 0 ማለት ኤፍ 10 ነው፤ እስኬፕ ከዚያ 5 ኤፍ 5 ነው። ያላሰብሽው ሳጥን ሲመጣብሽ ደግሞ እስኬፕን ሁለት ጊዜ ንኪ፤ ምንም ሳይሠራ ይዘጋል። ግቢ፣ ውጪ፣ ግቢ፣ ውጪ። ለዚያ ምሽት ይበቃል።

በማግስቱ ከስልክሽ አሥር አሥራ አምስት ፎቶ ወደ ላፕቶፑ አምጪና ኤፍ 7 ነክተሽ «መለማመጃ» የሚል ፎልደር ፍጠሪላቸው። የሃርድ ዲስኩን ነገር እስካሁን አትንኪው። በታብ ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመላለሺ። ፎልደር ላይ ሆነሽ ኢንተር ስትነኪ ትገቢያለሽ፤ ከሁሉም በላይ ባለችው የሁለት ነጥብ (..) መስመር ላይ ኢንተር ስትነኪ ትወጫለሽ። አሁን ግራው ላይ ፎቶዎቹን፣ ቀኙ ላይ ባዶውን ፎልደር ክፈቺ። አንዱ ፎቶ ላይ ቆመሽ ኤፍ 5 ንኪ። ትንሽ ሳጥን ይመጣል፤ «ይህን ወደዚህ ልገልብጥ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ የመድረሻው አድራሻ በቀኝ የከፈትሽው ፎልደር መሆኑን እዚያው ታነቢያለሽ። ያቺን መስመር ሳታነቢ ኢንተር አትንኪ። የተርሚናሉ ባዶ መስመር ያልሰጠሽ ይህንን ነው፦ ከየት፣ ወዴት፣ ምኑን። መድረሻው ላይ ያው ስም ያለው ፋይል ካለ ደግሞ የሁለቱንም መጠንና ቀን አሳይቶ ይጠይቅሻል።

ብዙ ፋይል ለመምረጥ ኢንሰርትን ወይም ኮንትሮልን ከቲ ጋር ትነኪያለሽ፤ የተመረጠው ቢጫ ይሆናል፤ ከታች ስንት ፋይል እንደመረጥሽና ጠቅላላ መጠኑን ይጽፍልሻል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ስላለ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልንገርሽ። ቢጫ የሆነ ፋይል ካለ ትእዛዝሽ የሚሠራው በቢጫዎቹ ላይ ነው፤ ጠቋሚው ያረፈበትን ይተወዋል። ረስተሽ የተውሽው አንድ ቢጫ ካለ የምትገለብጪውም ሆነ የምታጠፊው እሱን ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ በፊት ዓይንሽን በሁለቱም በኩል አሻግሪና ቢጫ ፈልጊ።

ማጥፊያው ኤፍ 8 ነው። ለመጀመሪያው ወር ባትነኪው እመርጣለሁ። ይህም ፕሮግራም ቢሆን የሚያጠፋው ወደ መጣያ ሳይልክ ነው፤ ከአርኤም የሚለየው አሳይቶና ጠይቆ በማጥፋቱ ነው። ኤፍ 9 ነክተሽ ኦፕሽንስ ውስጥ ኮንፊገሬሽን የሚለውን ስትከፍቺ «ሴፍ ዲሊት» የሚል ምርጫ ታገኛለሽ፤ ምልክት አድርጊበት። ሳይበራ ሲቀር የማጥፊያው ጥያቄ ላይ ቀድሞ የተመረጠው «አዎ» ነው፤ ሲበራ «አይ» ይሆናል፤ እጅሽ ሳያስብ ኢንተር ቢነካ እንኳ ምንም አይጠፋም። ሌላው ልማድ ደግሞ «ይጣል» የሚል ፎልደር ነው። የማያስፈልግሽን ነገር ኤፍ 6 ነክተሽ ወደዚያ አዛውሪው፤ ወር ሲሞላ ከፍተሽ ተመልከቺና ያን ጊዜ ወስኚ። ዲስኩ በዚህ አይቀልልሽም፤ እሱ እውነት ነው። ግን የአንድ ወር ማመንቻ ጊዜ ከጥቂት ጊጋባይት ይበልጥብኛል፤ ቦታ ከጠበበሽም ሌላ ፍላሽ ይገዛል።

ስለ ስም አወጣጥ በአጭሩ፦ በግዕዝ ፊደል መሰየምሽ ችግር የለውም፤ ፊደሉ ያለው ተርሚናል ላይ በትክክል ይታያል፤ ጭራሽ ዴስክቶፕ በሌለበት ጥቁር ገጽ ላይ ብቻ ነው አራት ማዕዘን ሆኖ የሚመጣው። ክፍት ቦታውን ግን ከታች በምትሰመረው ጭረት ተኪው፤ «መንዙማ_ድጋሚ» ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ባልመጣ ነበር። ቁጥር ስትሰጪ ደግሞ 01፣ 02 ብለሽ ጀምሪ፤ አለበለዚያ 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ሬንጀር የሚባል ሦስት ዓምድ ያለው ሌላ ፕሮግራምም እንዳለ ወንድምሽ ሊነግርሽ ይችላል። ጥሩ ነው፤ ግን የፊደል ቁልፎችን በቃል ማጥናት ይጠይቃል። አሁን ላንቺ ግራና ቀኝ ይሻልሻል።

እጅሽ ሲረጋጋ፣ ምናልባት በሁለተኛው ሳምንት፣ የተረፉትን 44ቱን ወደ ላፕቶፑ ትገለብጫቸዋለሽ። የተቆለፈው ዲስክ ሲሰካ ግን የሚነበብ ብቻ እንጂ የሚጻፍበት እንዳይሆን ወንድምሽ ያስተካክለው፤ ይህ የትእዛዝ ሥራ ነው፤ እሱ ያውቅበታል። ገልብጠሽ ስትጨርሺ ግራው ላይ የዲስኩን፣ ቀኙ ላይ የላፕቶፑን ክፈቺና ኮንትሮልን ከኤክስ ጋር ነክተሽ ለቀሽ ዲን ንኪ። ከሚመጣው ሳጥን «ቶሮ» (Thorough) የሚለውን ምረጪ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አመሳክሮ የሚለያየውን ቢጫ ያደርግልሻል። ንዑስ ፎልደር ውስጥ አይገባም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ከፍተሽ ማመሳከር ይኖርብሻል። አንድም ቢጫ ካልታየ ቅጂሽ ሙሉ ነው። ሦስተኛ ቅጂ በፍላሽ ኮምቦልቻ ወንድምሽ ቤት ይቀመጥ። ደሴ ያለው ቢበላሽ ኮምቦልቻ ያለው ይኖራል።

አሁን አባትሽ። «ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተበላሽቷል» ስትይ የከበደሽ ውሸቱ ራሱ ይመስለኛል። የደበቅሽው እሳቸውን ላለማሳዘን ነው ወይስ ፊታቸውን ማየት ስለፈራሽ? ሁለቱም ቢሆን አልፈርድብሽም። ግን እሳቸው ቴፕ ተሸክመው መንገድ ሲሄዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ክር ሲበጠስባቸው፣ ባትሪ መሀል ላይ ሲያልቅባቸው፣ አንዱን ካሴት በሌላው ላይ ሲቀዱበት አላጋጠማቸውም ብለሽ ታስቢያለሽ? ድምፅ እንዴት እንደሚጠፋ ከአንቺ በፊት ያወቁ እሳቸው ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ፎቶሬክ የሚያወጣው ስም የለውም ብዬሽ ነበር። 19 ስም የለሽ፣ ቁጥር ብቻ የተሸከሙ ድምፆች ፊትሽ ይደረደራሉ፤ ከመካከላቸውም ሌሎች የዱሮ ፋይሎች ተቀላቅለው ይመጣሉ። የቱ የሐይቁ እንደሆነ፣ የቱ በየትኛው ሐድራ እንደተቀዳ፣ ማን እንዳወጣና ማን እንደተቀበለ ማን ይለይልሻል? ወንድምሽ አይችልም፤ እኔም አልችልም፤ ፕሮግራሙም አይችልም። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሮአቸው አለ። ያለ እሳቸው ሥራው አይጨረስም።

ስለዚህ ይህችን ሐሙስ፣ ቡናው ሲፈላና ዱአ ሲደረግ፣ አቦሉ ከወረደ በኋላ አጠገባቸው ቁጭ በይና ንገሪያቸው። ረጅም ነገር አያስፈልግም። «አባባ፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። እኔ ሳላይ 19ኙን አጠፋኋቸው። 44ቱ አሉ። የጠፉትን ልንፈልጋቸው ነው፤ ሲገኙ ግን ስማቸውን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።» ዝም ቢሉ ዝምታቸውን ጠብቂላቸው። ቢያዝኑም ይዘኑ፤ ማዘን መብታቸው ነው። 44ቱ ወደ ላፕቶፑ እንደተገለበጡ ደግሞ መጀመሪያ አንዱን ክፈቺላቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮአቸው ምንም አልሰማም።

ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ይዘሽ ኮምቦልቻ ስትወርጂ የተቆለፈውን ዲስክ በፎጣ ጠቅልለሽ፣ ሌላ ባዶ ዲስክም ጨምረሽ ያዢ። ወንድምሽ ፎቶሬክን ያስነሳ፤ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል እዚያው ማደርሽ አይቀርም። እሱ ያንን እስኪጨርስ አንቺ ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ግራና ቀኙን አሳዪው። ወደ ደሴ ስትመለሺ ደግሞ ደብተርሽን ከእሱ ትእዛዞች በኋላ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ክፈቺና አባትሽ እያዳመጡ የሚነግሩሽን ጻፊ፤ ቁጥሩን በግራ፣ ስሙን በቀኝ።